«ማነህ?» ባዩን ማን ይጠይቀው?
የይለፍ ቃል ታሪክ፤ ከዮርዳኖስ መሻገሪያ እስከ ኢንተርኔት ገበያ

«ይለፍ» የዘበኛ ቃል ነው። በኬላ የቆመ ወታደር፣ በግቢ በር የተቀመጠ ጠባቂ፣ መጪውን አይቶና መርምሮ ሲያበቃ «ይለፍ!» ይላል። አላፊው ይህን ቃል አይናገረውም፤ ይነገርለታል እንጂ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊን ሌሊት ያየ የአዲስ አበባ ነዋሪ «ይለፍ» የሚባለው ወረቀት በኪሱ መኖሩና አለመኖሩ ምን ያህል ልዩነት እንደነበረው አይዘነጋውም። አማርኛችን የእንግሊዝኛውን «ፓስወርድ» «የይለፍ ቃል» ብሎ ሲቀበለው ታዲያ፣ ሥልጣኑ በማን እጅ እንዳለ አብሮ ነግሮናል። ጠያቂው ባለ በሩ ነው፤ ተጠያቂው መንገደኛው ነው።

ይህ ሥርዓት ለብዙ ሺህ ዓመታት የሠራው በሩ የታወቀ ስለነበረ ነው። የከተማ ቅጥር በር ከቦታው አይነሳም። መንገደኛው የት እንደሚሄድ ያውቃል፤ የሚያጠራጥረው እሱ ራሱ ብቻ ነው። ዛሬ ግን በሩ ተንቀሳቃሽ ሆኗል። ከአማዞን ወይም ከኢቤይ ዕቃ የሚገዛ ሰው፣ ዋሽንግተን ይኑር ዱባይ፣ በስልኩ ላይ እንዲህ የሚል መልእክት ሊደርሰው ይችላል፦ «ወደ አካውንትዎ ለመግባት የሞከረ ሰው አለ። እርስዎ ካልሆኑ እዚህ ይጫኑና የይለፍ ቃልዎን ያረጋግጡ።» መንገደኛው ወደ በሩ አልሄደም፤ በሩ ወደ መንገደኛው መጣ። ለመሆኑ ይህ በር የእውነት በር መሆኑን ማን ያረጋግጣል? «ማነህ?» የሚለውን «አንተስ ማነህ?» የሚለው ማን ነው?

ጥያቄው የኢንተርኔት ዘመን ጥያቄ ይመስላል፤ አይደለም። የጥንት ሰዎች ከ2,300 ዓመታት በፊት ጠይቀውታል፤ መልስም አግኝተውለት ነበር። መልሱን የረሳነው እኛ ነን።

የዮርዳኖስ ፈተና

መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 12 ላይ ስለ አንድ አስፈሪ የወንዝ መሻገሪያ ይተርካል። በዮፍታሔ የተመሩት የገለዓድ ሰዎች ኤፍሬማውያንን ድል ነሥተው የዮርዳኖስን መሻገሪያዎች ያዙ። ሸሽቶ ሊሻገር የመጣው ሁሉ «ኤፍሬማዊ ነህን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «አይደለሁም» ካለ «ሺቦሌት» እንዲል ይታዘዛል። በኤፍሬማውያን አነጋገር «ሺ» የሚለው ድምፅ ስለማይወጣ «ሲቦሌት» ይላል፤ በዚያው ይያዛል። መጽሐፉ የሟቾቹን ቁጥር 42,000 ያደርሰዋል።

ልብ በሉ፤ ቃሉ ምስጢር አልነበረም። ጠባቂው ራሱ ጮክ ብሎ ይነግረዋል። ፈተናው ያለው በሰውዬው ምላስ ላይ ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር ጠበብት ሰውን ለይቶ ለማወቅ ሦስት መንገዶች አሉ ይላሉ፤ የሚያውቀው ነገር፣ የያዘው ነገርና የሆነው ነገር። የይለፍ ቃል የመጀመሪያው ነው፤ ቁልፍ ወይም ስልክ ሁለተኛው፤ የጣት አሻራ ሦስተኛው። ሺቦሌት ከሦስተኛው ወገን ነበር። ሦስቱም ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በሩ መንገደኛውን ይመረምራል እንጂ መንገደኛው በሩን አይመረምርም።

በጨለማ የጮኸ ሠራዊት

ይህ አንድ ወገን ብቻ የሚጠይቅበት ሥርዓት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያስመሰከረው በሲሲሊ ደሴት የተደረገ የሌሊት ጦርነት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ413 ዓመት፣ ዴሞስቴንስ በሚባል የጦር አዛዥ የተመራ የአቴና ሠራዊት የሲራኩስን ከተማ ለመያዝ ኤፒፖላይ የሚባለውን ከፍታ በሌሊት ወጣ። ጨረቃ ነበረች፤ የሰው ቅርጽ ይታያል፤ ወዳጅና ጠላት ግን አይለይም። የመጀመሪያው ድል ወዲያው ወደ ትርምስ ተለወጠ። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደሚተርከው፣ አቴናውያን እርስ በርስ ለመተዋወቅ ሌላ መንገድ ስላጡ ያገኙትን ሁሉ የይለፍ ቃል ይጠይቁ ጀመር። ሁሉም በአንድ ጊዜ እየጮኸ ሲጠይቅና ሲመልስ፣ ቃሉን ጠላት ሰማው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግልጽ ነው። ሲራኩሳውያን የአቴናን ቃል ስላወቁ፣ በኃይል በሚበልጣቸው የአቴና ቡድን እጅ ሲወድቁ ቃሉን ተናግረው ያመልጡ ነበር። የራሳቸውን ቃል ግን እንደዚያ ስላላባከኑት፣ አቴናውያኑ ሲጠየቁ መልስ አጥተው ተገደሉ። ብዙዎቹም ከገደሉ አፋፍ ተወርውረው አለቁ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የአቴና ወታደር ቃሉን አልሸጠም፤ አልከዳም። በጨለማና በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ፣ ለጠየቀው ሁሉ መለሰ። ከኢንተርኔት ገበያ ደንበኞች የይለፍ ቃል የሚሰርቁ አጭበርባሪዎችም የሚሠሩት ያንኑ ጨለማና ያንኑ ድንጋጤ ፈጥረው ነው። «አካውንትዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል»፣ «ያላዘዙት ቴሌቪዥን ተገዝቶብዎታል» ይላሉ። የተደናገጠ ሰው የጠየቀውን ሰው ፊት አያይም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለት ቃል ለሁለት ወገን

ከሲሲሊው ጥፋት ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ኤኒያስ የተባለ ግሪካዊ ስለ ከተማ አጠባበቅ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። የይለፍ ቃልን ጉዳይ በሰፊው ያነሣል። ቃሉ ለማስታወስ የማያስቸግር እንዲሆን ይመክራል። በቃሉ ላይ ደግሞ ምልክት ይጨመር ይላል፤ ቆብ ማውለቅ ወይም ማጥለቅ፣ ጦርን መሬት ላይ መትከል ወይም ወደ ግራ እጅ ማዛወር። ቃሉን የሰረቀ ሰላይ ምልክቱን ስለማያውቅ ይያዛል። የዛሬው የኢንተርኔት ሱቅ ከይለፍ ቃል በኋላ በስልክ የሚልከው ስድስት አኃዝ ቁጥር የዚያ ቆብና የዚያ ጦር የልጅ ልጅ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኤኒያስ ከአቴናዊው የጦር አለቃ ከኢፊክራተስ ጠቅሶ ያሰፈረው ምክር ነው። ዘበኛውና ዟሪው ጠባቂ አንድ ዓይነት ቃል አይሰጣቸው፤ ለየብቻ ይሰጣቸው። አንዱ ሲጠየቅ «አዳኙ ዜውስ» ቢል፣ ሌላው «ፖሴይዶን» ብሎ ይመልስ። በዚህ ሥርዓት ጠያቂውም ይጠየቃል። የሐሰት ዘበኛ በጨለማ ቆሞ ቃል ሊለቅም ቢሞክር፣ የራሱን ግማሽ ስለማያውቅ ይጋለጣል። ሮማውያንም በበኩላቸው፣ ፖሊቢየስ እንደጻፈው፣ የሌሊቱን ቃል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው ከቡድን ወደ ቡድን ያስተላልፉት ነበር። ሰሌዳው ከመጨለሙ በፊት ወደ አዛዡ ይመለሳል። ያልተመለሰ እንደሆነ የት እንደቀረ ስለሚታወቅ፣ ጥፋተኛው ይቀጣል።

በእኛም አገር መልእክት ተቀባዩ ላኪውን የሚመረምርበት ሥርዓት ነበር፤ ማኅተም። የአፄ ቴዎድሮስን፣ የአፄ ዮሐንስን፣ የአፄ ምኒልክን ደብዳቤዎች ያየ ሰው፣ ማኅተሙ እንደ ፈረንጆቹ ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ ማረፉን ያስታውሳል። አንባቢው ከቃሉ በፊት የሚያየው ላኪውን ነው። ማን እንደላከው ሳይታወቅ ምን እንዳለ አይነበብም።

የኮምፒዩተሩ በር

የይለፍ ቃልን ወደ ኮምፒዩተር ዓለም ካስገቡት ዋነኛው ፈርናንዶ ኮርባቶ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ብዙ ሰዎች አንድን ግዙፍ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበትን ሥርዓት ከባልደረቦቹ ጋር ለሥራ አበቃ። ማሽኑ አንድ፣ ተጠቃሚው ብዙ ስለሆነ የእያንዳንዱን ፋይል ለመለየት ለእያንዳንዱ የይለፍ ቃል ተሰጠው።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተሰበረ። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተፈቀደለት 4 ሰዓት አልበቃው አለ። የይለፍ ቃሎቹ ፋይል እንዲታተምለት በካርድ ትእዛዝ አስገባ፤ ማሽኑም አተመለት። ይህን የተናዘዘው ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በ1966 ደግሞ በአንድ የአሠራር ስሕተት ምክንያት የዕለቱ ማስታወቂያና የይለፍ ቃሎቹ ፋይል ቦታ ተለዋወጡ። የዚያን ቀን ኮምፒዩተሩን የከፈተ ሁሉ ከሰላምታ ይልቅ የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል አነበበ። ኮርባቶ ይህን ራሱ በ1990 የቱሪንግን ሽልማት ባገኘበት ንግግሩ አውስቶታል። በ2019 ከማረፉ ከጥቂት ዓመታት በፊትም የይለፍ ቃል ነገር ቅዠት ወደ መሆን ደርሷል ሲል ለጋዜጣ ተናግሯል።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚያሳዩት ቃል ከባለቤቱ እጅ ብቻ ሳይሆን ከጠባቂውም እጅ እንደሚወጣ ነው። ይህ በኋላ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ላይ ደረሰ።

ገበያው ሲከፈት

ነሐሴ 11 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ በኮምፒዩተሩ አማካይነት የዘፋኙን የስቲንግን ሲዲ በ12 ዶላር ከ48 ሳንቲም ገዛ። የክሬዲት ካርዱ ቁጥር በምስጢር ጽሕፈት ተለውጦ ስለተላከ ወሬው በማግሥቱ በኒውዮርክ ታይምስ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት አማዞን መጻሕፍት መሸጥ ጀመረ፤ ኢቤይም ጨረታውን ከፈተ። የዚያን ጊዜ የተፈራው በመንገድ ላይ ያለው ሌባ ነበር፤ ቁጥሩን ሽቦው ላይ ጠልፎ እንዳያነበው። መንገዱ በደንብ ታጠረ። የሐሰት በር ግን ማንም አላሰበም ነበር ማለት ይቻላል።

ሌቦቹ ግን አሰቡት። በዚያው ዘመን አሜሪካ ኦንላይን በሚባለው አገልግሎት ላይ ጎረምሶች የኩባንያው ሠራተኞች መስለው ለደንበኞች መልእክት ይልኩ ጀመር፤ «የሒሳብ መዝገብዎን ልናጣራ ነውና የይለፍ ቃልዎን ይላኩልን» እያሉ። ዓሣ እንደማጥመድ ነውና «ፊሺንግ» ተባለ፤ ቃሉ በ1996 መጀመሪያ በጽሑፍ ሰፍሮ ይገኛል። ኩባንያው በደንበኞቹ መልእክት መለዋወጫ ላይ፣ የትኛውም ሠራተኛችን የይለፍ ቃል አይጠይቅም የሚል ማስጠንቀቂያ እስከመጻፍ ደረሰ። በሐምሌ 2003 የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በእንዲህ ዓይነቱ ማጭበርበር የመጀመሪያውን ክስ ይፋ ሲያደርግ፣ ተከሳሹ የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ተገኘ። በሐሰተኛ ገጽ የለቀመውን የካርድ ቁጥር በኢንተርኔት ዕቃ መግዣ አድርጎት ነበር።

ያ ገጽ ሰዎችን ያሳመነው ማኅተሙን ስለቀዳ ነው። የነገሥታቱን ማኅተም ለማስቀረጽ ብልኅ አንጥረኛ ያስፈልግ ነበር፤ የአንድን ሱቅ አርማ ከኢንተርኔት ገልብጦ ለመለጠፍ ግን አንድ ደቂቃ ይበቃል። በድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክትም መንገዱ መታጠሩን ይናገራል እንጂ ባለ በሩ ታማኝ ነው አይልም። ይልቅ አድራሻውን ማንበብ ይሻላል። «አማዞን» የሚለው ስም ከመጀመሪያ ቢጻፍም፣ ከመጨረሻው «ነጥብ ኮም» በፊት ተጠግቶ ያለው ሌላ ስም ከሆነ፣ ባለቤቱ ያ ሌላው ነው።

የተዘረፉ ቃሎችና ያልጠየቅነው ቁጥር

በግንቦት 2014 ኢቤይ 145 ሚሊዮን የሚደርሱ ተጠቃሚዎቹን የይለፍ ቃላችሁን ለውጡ አላቸው። ሰርጎ ገቦች በጥቂት ሠራተኞች የመግቢያ ቃል ተጠቅመው የደንበኞችን መዝገብ አግኝተው ነበር። ያሁ ደግሞ በ2013 የደረሰበት ዝርፊያ 3 ቢሊዮን አካውንቶችን እንደነካ በ2017 አመነ። በዚህ መንገድ የወጡ ቃሎች ይሸጣሉ፤ ሌቦችም በኮምፒዩተር እያስሞከሩ በሌሎች ሱቆች በር ላይ ይሞክሯቸዋል። አንድ ቃል ለአሥር በር የሚጠቀም ሰው፣ አንዱ ሲሰበር አሥሩም ተከፈተበት።

ስለዚህ ነው ሱቆቹ የኤኒያስን ምልክት የመለሱት፤ ከቃሉ ሌላ በስልክ የሚደርስ ቁጥር፣ ወይም «እርስዎ ነዎት?» የሚል የማጽደቂያ ጥያቄ። ሌባውም በበኩሉ አዲስ ዘዴ አመጣ። በመስከረም 2022 የታክሲ አገልግሎት ሰጪው ኡበር ሲደፈር፣ ኩባንያው እንደገለጸው፣ አጥቂው ኮንትራት ሠራተኛ በነበረ ሰው የይለፍ ቃል ደጋግሞ ለመግባት ሞከረ። በየሙከራው ወደ ሰውዬው የማጽደቂያ ጥያቄ ይመጣል፤ መጀመሪያ አልተቀበለም፤ ደጋግሞ ሲመጣ በመጨረሻ አንዱን ተቀበለ። በሩ ተሰብሮ አይደለም፤ ዘበኛው ተሰላችቶ ነው የተከፈተው።

ይህ ዘዴ በእኛም ሰፈር የታወቀ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የቴሌግራም አካውንት የሚነጠቀው ብዙ ጊዜ በወዳጅ ስም በሚመጣ ልመና ነው፤ «በስህተት አንተ ጋ የመጣ ቁጥር አለ፣ አንብብልኝ»። ቁጥሩ በስህተት አልመጣም። የራስን ቤት ቁልፍ ነው አንብብልኝ የሚባለው።

መንገደኛው ምን ያድርግ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለአንድ ተራ ገበያተኛ የሚተርፈው ምክር አጭር ነው፤ ወደ እርስዎ በመጣ በር አይግቡ፤ ወደሚያውቁት በር በራስዎ እግር ይሂዱ። «ሊገባ የሞከረ ሰው አለ» የሚል ኢሜይል ወይም የጽሑፍ መልእክት ሲደርስ፣ በውስጡ ያለውን ሊንክ መጫንም፣ በተጻፈው ስልክ መደወልም አያስፈልግም። የሱቁን አድራሻ ራስዎ ጽፈው፣ ወይም ስልክዎ ላይ ያለውን መተግበሪያ ከፍተው ይግቡ። ነገሩ እውነት ከሆነ እዚያም ያገኙታል። ሐሰት ከሆነ ምንም አልጎደለብዎትም።

ያልጠየቁት ቁጥር ወይም የማጽደቂያ ጥያቄ የመጣ እንደሆነ ትርጉሙ ሁለት ነው። ወይ አንድ ሰው «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብሎ በእርስዎ ስም እየሞከረ ነው፤ ወይ ደግሞ ቃልዎ ወጥቷል፤ የቀረው ምልክቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ማጽደቂያውን «አይደለሁም» ብሎ መመለስ፣ ቁጥሩን የሱቁ ሠራተኛ ነኝ ለሚል እንኳ ለማንም አለመንገር፣ ከዚያም በራስ መንገድ ገብቶ ቃሉን መለወጥ ነው። አዲሱ ቃል ረጅምና ለዚያ በር ብቻ የሚሆን ይሁን። አሮጌው በሌላ ቦታ ካለ እዚያም ይለወጥ። ኢሜይሉ ከሁሉ በላይ ይጠበቅ፤ «ረሳሁ» ለሚል ሰው አዲስ ቃል የሚላከው በእሱ በኩል ነውና።

በሩን ቀድሞ የከፈተ ሰው ደግሞ ለማፈር ጊዜ የለውም። ቃሉን ለውጦ፣ ሌሎች መሣሪያዎችን ሁሉ ከአካውንቱ አስወጥቶ፣ የታዘዙ ዕቃዎችን፣ የመላኪያ አድራሻውንና የስልክ ቁጥሩን ይመርምር፤ ለባንኩም ያስታውቅ። ሌባው ያዘዘውን ዕቃ ከዝርዝሩ ወደ ማኅደር አንሥቶ ሊደብቀው ስለሚችል እዚያም ይታይ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ትርኪ ምርኪ ኢሜይል ከጎረፈ፣ የግዢው ማረጋገጫ ከሥሩ እንዲቀበር ተብሎ ሊሆን ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የኢፊክራተስ መመለስ

በግንቦት 2022 አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት የይለፍ ቃልን የሚተካ አዲስ ቁልፍ በጋራ እንደሚያስፋፉ አስታወቁ፤ «ፓስኪ» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት አማዞንም ተቀበለው። ቁልፉ በባለቤቱ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ይቀመጣል፤ በጣት አሻራ ወይም በፊት ይከፈታል። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ቁልፉ የተሠራው ለአንድ አድራሻ ብቻ ስለሆነ፣ በሩ ሐሰተኛ ከሆነ አይዞርም። ሰውዬው ቢደናገጥም፣ ቢሰላችም፣ ቢታለልም ቁልፉ አይታለልም። መንገደኛው በሩን የሚጠይቅበት መሣሪያ በመጨረሻ በእጁ ገባ ማለት ነው። ኢፊክራተስ ለሁለት ጠባቂዎች ሁለት ቃል ሲሰጥ ያሰበው ይህንኑ ነበር።

አዲሱ ቁልፍ ሁሉም በር ላይ እስኪገባ ድረስ ግን ጥያቄው የእኛው ነው። በባህላችን እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ደጆች!» ተብሎ ይመለስለታል። ሁለቱም ወገን ድምፁን ሰጠ፤ ሁለቱም ተሰማማ። ከዚያ በኋላ ነው መዝጊያው የሚከፈተው። በስልካችን ላይ «ማነህ?» እያለ የሚመጣው መልእክት ግን ድምፁን ሳያሰማ የእኛን ብቻ ይፈልጋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ከሚባለው ወገን እንዳንሆን፣ ከመመለሳችን በፊት ማን እንደጠራን እናጣራ።